ከ20 ዓመት በላይ ያልበራ ባለ 486 ኮምፒውተር፦ ሶኬት ላይ ከመሰካቴ በፊት ምን ላድርግ?

የመንዟ መምህርት (መሐል ሜዳ)

ሰላም ለመድረኩ ተሳታፊዎች በሙሉ። ጥያቄዬ ረዘም ስለሚል አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

አባቴ፣ እኛ ልጆቹ ጋሼ የምንለው፣ ደብረ ብርሃን በጸሐፊነት ሲያገለግል መሥሪያ ቤቱ አሮጌ ዕቃዎችን በጨረታ ባስወገደ ጊዜ አንድ ኮምፒውተር ገዝቶ ነበር። ጀርባው ላይ የተለጠፈው ወረቀት እ.ኤ.አ. 1994 ይላል፤ ፊቱ ላይ ደግሞ 486 የሚል ቁጥር አለው። ጋሼ ጡረታ ወጥቶ ወደ መሐል ሜዳ ሲመለስ ይዞት መጣ። ለጥቂት ወራት ከሠራበት በኋላ «ዲስኩ ያጉረመርማል» እያለ መብሰልሰል ጀመረና፣ አንድ ቀን ባሮጌ ጋቢ ሸፍኖ ጓዳ አስቀመጠው። ከዚያ ወዲህ በርቶ አያውቅም። ጋሼም ባለፈው ዓመት አርፏል።

ኮምፒውተሩን ለእኛ ተራ ዕቃ እንዳይሆን ያደረገው በውስጡ ያለው ጽሑፍ ነው። ጋሼ ለገበያ የሚመጡ ሽማግሌዎችን ቡና እየጋበዘ፣ ማን ማንን እንደ ወለደ፣ የትኛው መሬት በማን በኩል እንደ መጣ እየጠየቀ የዘር ሐረጋችንን ይጽፍ እንደ ነበር ሁላችንም እናውቃለን። በወረቀት ታትሞ የቀረልን 11 ገጽ ብቻ ሲሆን የመጨረሻው ገጽ «የወለደውም» በሚል ቃል ላይ ይቋረጣል። ካወሩለት ሽማግሌዎች ዛሬ በሕይወት ያለ የለም።

ባለፈው እሑድ ሳጥኑን ከጓዳ አውጥቼ ክዳኑን በካቻቢቴ ፈታሁት። ከላይ የማድቤቱ ጥላሸት፣ ከሥር የገብስ ገለባ ነው፤ አይጥ ጎጆ ሠርታ፣ ወልዳ፣ አሳድጋ ሄዳለች። ማዘርቦርድ በሚባለው ሰፊ ሰሌዳ ጥግ ላይ፣ ኪቦርዱ ከሚሰካበት ክብ ቀዳዳ አጠገብ፣ በሰማያዊ ፕላስቲክ የተጠቀለለ፣ የትንሽ ጣቴን ውፍረት የሚያህል በርሜል መሰል ነገር አለ። ከሁለቱም ጫፎቹ አረንጓዴና ነጭ፣ እንደ አሞሌ ጨው ፍርፋሪ ያለ ነገር ወጥቶ በዙሪያው ያሉትን ቀጫጭን መስመሮች ሸፍኗቸዋል። በእንጨት ስነካው ይፈረፈራል።

ታናሽ ወንድሜ «ሰክተን እንየውና ይለይለት» ይላል፤ እኔ ግን ፈርቻለሁ። ከምን ልጀምር? 14 ፍሎፒ ዲስኮችም አሉ። ደግሞ፣ ነገሩ ቀላል ቢሆንም ልጠይቅና፣ ነጭ የነበረው የሳጥኑ ፕላስቲክ የቅቤ መልክ ይዟል፤ ይህስ ይነጣል?

---

ሽቦ ለቃሚ (ደብረ ብርሃን)

እህቴ፣ በመጀመሪያ እግዚአብሔር ያጽናዎት። መፍራትዎ ተገቢ ነው፤ የኤሌክትሪክ ገመዱን ከወንድምዎ ይደብቁት።

ያ ሰማያዊ በርሜል ባትሪ ነው። በዚያ ዘመን ማዘርቦርዶች ላይ ቀኑን፣ ሰዓቱንና የሃርድ ዲስኩን ልክ ኮምፒውተሩ ጠፍቶም ቢሆን የሚያስታውሰው ሦስት የኒኬል ካድሚየም ሴሎች ተያይዘው የተሠሩበት የ3.6 ቮልት ባትሪ ነበር። ኮምፒውተሩ ሲሠራ ይሞላል፤ ለዓመታት ሲተኛ ግን መዝጊያው ይለቅና በውስጡ ያለው ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ እየተንጠባጠበ ይወጣል። ብዙ ሰው ይህን «የባትሪ አሲድ» ይለውና ሶዳ ይነሰንስበታል፤ ይህ ስሕተት ነው። ፈሳሹ የአሲድ ተቃራኒ፣ ከአመድ ውሃ ወገን የሆነ ነገር ስለሆነ መርዙን የሚሰብረው አቼቶ ነው። ሥራው ከባድ ባይሆንም ቅደም ተከተሉ መዛባት የለበትም።

ማዘርቦርዱን ከሳጥኑ አውጥተው ጓንት ካደረጉ በኋላ የባትሪውን ሁለት እግሮች በመቁረጫ ፒንሳ ይቁረጧቸው። እያወዛወዙ አይንቀሉት፤ እግሩ ከሰሌዳው መስመር ጋር ተያይዞ ሊነሣ ይችላል። ካድሚየም መርዝ ስለሆነ ባትሪው እሳት ውስጥም ጓሮም አይጣል፤ በላስቲክ ታስሮ ልጅ ከማይደርስበት ይቀመጥ። ከዚያ ነጩን አቼቶ በጆሮ መጥረጊያ ጥጥ እየነከሩ አረንጓዴው ላይ ያንጠባጥቡ። ፍጭጭ ብሎ ይፈላል፤ መፍላቱን ሲተው ባሮጌ የጥርስ ብሩሽ በቀስታ ይሹት፤ ሌላ አቼቶ ጨምረው የማይፈላ እስኪሆን ድረስ ይድገሙት። በመቀጠል በተጣራ ውሃ ይጠቡት። ይህ ለመኪና ባትሪ የሚጨመረው ውሃ ነው፤ ነዳጅ ማደያ ሲጠይቁ ግን የባትሪ አሲዱም ተመሳሳይ ጠርሙስ ውስጥ ስለሚሸጥ ጽሑፉን ሳያነቡ አይውሰዱ። መጨረሻ ላይ አልኮል ይፈስበትና ውሃውን ጠርጎ ይወስደዋል። ፋርማሲ የሚገኘው ባለ 70 ከመቶው የቀረው ውሃ ስለሆነ ቀስ ብሎ ይደርቃል፤ ቢሆንም ሁለት ቀን ጥላ ሥር ነፋስ ካገኘ ይበቃዋል። አንድ ደንበኛዬ «ዳግም አረቄም ያው አልኮል ነው» ብሎ ሰሌዳውን በአረቄ አጥቦ አምጥቶልኝ ያውቃል። ሰሌዳው አልዳነም፤ ሱቄ ግን ሳምንቱን ሙሉ ሠርግ ቤት ሠርግ ቤት ሲሸት ሰነበተ።

ሲደርቅ መብራት ፊት ይዘው በዙሪያው ያሉትን መስመሮች አንድ በአንድ ይዩዋቸው። የጠቆረ መስመር ሁሉ የተበጠሰ አይደለም፤ ያልጠቆረውም ሁሉ ደኅና አይደለም። ቴስተሩን ድምፅ በሚሰጥበት ቦታ አድርገው የአንዱን መስመር ሁለት ጫፎች ሲነኩ ጲጵ ካለ መስመሩ አለ፤ ዝም ካለ ተበልቷል። የተበላውን በቀጭን ሽቦ መቀጠል ይቻላል፤ ሆኖም በዚህ ፈሳሽ የተነካ መዳብ የመበየጃ እርሳስ አይቀበልም፤ ቀይ ሆኖ እስኪያበራ ድረስ በምላጭ ጫፍ መፋቅ አለበት። ኪቦርዱን የሚቆጣጠረው ቺፕ አብዛኛውን ጊዜ ለባትሪው ጎረቤት ስለሆነ ጉዳቱ ብዙ ጊዜ የሚታየው በእሱ በኩል ነው።

የኃይል ሳጥኑን፣ ማለትም የግድግዳውን መብራት ተቀብሎ ለኮምፒውተሩ በልኩ የሚያከፋፍለውን የብረት ሳጥን፣ በተመለከተ ሦስት ነገር ልበልና ላቁም። አንደኛ፣ ከጀርባው 115 እና 230 የሚል ተንሸራታች ማብሪያ ካለ 230 ላይ መሆኑን ያረጋግጡ፤ የእኛ መብራት 220 ቮልት ነው። ሁለተኛ፣ በዚህ ዘመን ኮምፒውተሮች ላይ የፊት ለፊቱ ማብሪያ ራሱ የግድግዳውን 220 ቮልት ነው የሚቆርጠውና የሚቀጥለው፤ ወደ እሱ የሚሄዱት አራት ገመዶች ልባሳቸው ተልጦ ወይም አይጥ በልቷቸው ከሆነ የሳጥኑ ቆርቆሮ በሙሉ ሰው ይይዛል። አይጥ እንደ ነበረች ስለነገሩን ይህን ከሁሉ አስቀድመው ይመልከቱ። ሦስተኛ፣ የኃይል ሳጥኑን ራሱን አይክፈቱት። ከሶኬት ተነቅሎም እንኳ በውስጡ ያሉት ትልልቆቹ ካፓሲተሮች ከ300 ቮልት በላይ ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ፤ ይህ ለለመደ ሰው የሚተው ነው።

የኃይል ሳጥኑን ገመዶች ከማዘርቦርዱ ሲነቅሉ ሁለት ጎን ለጎን የሆኑ መሰኪያዎች ያገኛሉ። ስትመልሷቸው ጥቁሮቹ ገመዶች መሃል ላይ ጥቁር ከጥቁር ጋር ይጎራበቱ። እኔ በጀማሪነቴ ዘመን ገልብጬ ሰክቼ የሰው ማዘርቦርድ በአንድ ሰከንድ ውስጥ አቃጥያለሁ፤ ዕዳውን የከፈልኩት በአራት ወር ደመወዝ ነው።

ፕላስቲኩን ተዉት። በሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድና በፀሐይ የሚያነጡ ሰዎች አሉ፤ የመንዝ ፀሐይም ለዚህ የሚያንስ አይደለም፤ ነገር ግን ቢጫው ብዙ ጊዜ ተመልሶ ይመጣል። እኔን ከጠየቁኝ ደግሞ ቅቤ መልክ ያምርበታል።

---

ጠጋኙ (አዲስ አበባ)

ለምን ይህን ሁሉ ድካም? ጽሑፉ ያለው ሃርድ ዲስኩ ላይ ነው። ዲስኩን ፈትታችሁ በዩኤስቢ መሰኪያ ከላፕቶፕ ጋር አገናኙት፤ የቀረውን በኪሎ ሽጡት።

---

የጠራ ልጅ (አዲስ አበባ)

ከእኔ በፊት የጻፉት ወንድም ግማሹን እውነት ተናግረዋል። ዲስኩ ይቀድማል፤ ማዘርቦርዱ ሊጠገንም ላይጠገንም ይችላል፤ ቢቃጠልም ሌላ ይገኛል፤ የአባትዎ ጽሑፍ ግን የሚገኘው እዚያ ዲስክ ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ዲስኩን ከዚያ ከተጠራጠርነው የኃይል ሳጥን መለየት ነው። እስኪገለበጥ ድረስ በዚያ ሳጥን ኃይል አይነሣ።

ይሁንና ስለ ዩኤስቢ መሰኪያው አልስማማም። አሁን በየሱቁ የሚሸጡት መሰኪያዎች ዲስኩ የእያንዳንዱን ክፍል አድራሻ በአንድ ተከታታይ ቁጥር እንዲቀበል ይጠብቃሉ። የ1980ዎቹ መጨረሻና የ1990ዎቹ መጀመሪያ ዲስኮች፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ማለቴ ነው፣ ብዙዎቹ የሚያውቁት አንዱን አድራሻ በሦስት ቁጥሮች የሚገልጸውን የቆየውን የሲሊንደር፣ የሄድና የሴክተር ቆጠራ ብቻ ነው። ከዩኤስቢ ጋር ሲገናኙ ዝም ይላሉ፤ ባለቤቱም «ዲስኩ ሞቷል» ብሎ ይጥለዋል። እኔ ራሴ በዚህ ምክንያት ደኅና ዲስክ ሊጣል ሲል ደርሼ አውቃለሁ። የሚሻለው ሰፊውን ባለ 40 እግር መሰኪያ በሰሌዳው ላይ የያዘ የፔንቲየም 4 ዘመን ኮምፒውተር ፈልጎ፣ የዲስኩን ቁጥሮች ከላዩ ከተለጠፈው ወረቀት አንብቦ በእጅ ማስገባት ነው። ወረቀቱን ፎቶ ያንሡት፤ ሦስቱ ቁጥሮች እዚያ ተጽፈው ይገኛሉ።

አሁን እስካሁን ማንም ያላነሣውን ላንሣ። አባትዎ ዲስኩ ያጉረመርማል ያሉት መሐል ሜዳ ከመጡ በኋላ መሆኑን ልብ ብላችኋል? የሃርድ ዲስክ ማንበቢያ ራስ የሚሽከረከረውን ሳሕን አይነካም፤ ሳሕኑ ሲሽከረከር በሚፈጥረው ስስ የአየር ትራስ ላይ ይንሳፈፋል። ዲስኩ ብዙ ሰው እንደሚያስበው ታሽጎ የተዘጋ አይደለም፤ በወንፊት በተሸፈነ ትንሽ ቀዳዳ ይተነፍሳል፤ ስለዚህ ውጭ ያለው አየር ሲሳሳ ውስጡም ይሳሳል፤ ማንበቢያ ራሱም ዝቅ ብሎ ይንሳፈፋል። አምራቾች እንዲሠራ የሚፈቅዱለት ከፍታ አብዛኛውን ጊዜ 10,000 ጫማ፣ ማለትም 3,048 ሜትር ገደማ ነው። ደብረ ብርሃን 2,840 ሜትር ገደማ ስለሆነች ከልኩ ሥር ትገኛለች፤ መሐል ሜዳ ግን ከ3,100 ሜትር በላይ ናት። አባትዎ የሰሙት ማጉረምረም የዚህ ውጤት ነበር ብዬ አልምልም፤ ያረጀ የሞተር ኩሽኔታም ያጉረመርማል። ዳሩ ግን ይህን ያህል ዓመት የተኛ ዲስክ ምናልባት አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚነሣልን፤ ያችን አንድ ጊዜ ከልኩ በላይ በሆነ ከፍታ ላይ ማባከን የለብንም። ደብረ ብርሃን ይውሰዱት፤ ወደ ሸዋ ሮቢት ዝቅ ቢሉ ደግሞ አየሩ በጣም ይወፍራል።

ጠፍቶ ሲጓጓዝ ከፍታው ስለማያሳስብ በጣርማበር ተራራ በኩል ማለፉ ጉዳት የለውም። የሚጎዳው መንገጫገጩ ነው፤ አውቶቡሱ ጣሪያ ላይ እንዳይወጣ፣ ጭንዎ ላይ ይያዙት። ሌላው ጠላት ላብ ነው። ከብርድ አገር የመጣ ብረት ሞቃት ክፍል ሲገባ ልክ ከምንጭ እንደ ተቀዳ እንስራ ላዩ ያልበዋል። በላስቲክ ታስሮ፣ በጋቢ ተጠቅልሎ እንደ ታሰረ አንድ ሌሊት ይደር፤ ጠዋት ይፈታ።

ሲነሣ ዊንዶውስ ባለበት ኮምፒውተር አይሰካ፤ ዊንዶውስ ሳይጠየቅ የራሱን ነገር ይጽፍበታል። በዊንዶውስ ፈንታ ከሲዲ በሚነሣ ሊኑክስ በሚባል ሥርዓት ላይ ዲዲሬስኪው የሚባለው ፕሮግራም አለ፤ መጀመሪያ ደኅናውን ክፍል ሁሉ ጠራርጎ ይወስድና ለታመመው ቦታ በመጨረሻ ይመለሳል። ከዲስክ ጋር የሚታገል ሰው የሚሳሳተው ከታመመው ቦታ ጋር ሲጨቃጨቅ ደኅናውን ሳይወስድ ዲስኩ እጁ ላይ ሲሞት ነው። አንድ ወይም ሁለት ማህደር አይምረጡ፤ ዲስኩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንዳለ ይቅዱት። በዚያ ዘመን ዲስክ ልክ ሙሉ ቅጂው ዛሬ አንድ የሠርግ ቪዲዮ የሚይዘውን ቦታ አይሞላም።

---

ፊደል ቆጣሪ (ደብረ ሲና)

የመጨረሻውን ዐረፍተ ነገር እኔ በቀይ ቀለም አሰምርበታለሁ፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው ሰነዶቹን ብቻ ገልብጦ በኋላ ፀጉሩን የሚነጨው በእኛ ፊደል የተነሣ ነው።

የኢትዮጵያ ፊደል በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ ሠንጠረዥ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በሦስተኛው እትም ነው። ከዚያ በፊት በተሠራ ኮምፒውተር ላይ «ሀ» የሚባል ፊደል ለማሽኑ አልነበረም። የነበረው ለላቲን ፊደልና ለልዩ ልዩ ምልክት የተመደበ 256 ቦታ ሲሆን፣ የአማርኛ ፕሮግራም የሠሩ ሰዎች በዚያ ቦታ ላይ የእኛን ፊደል ቅርጽ ሣሉበት። 33ቱ በ7ቱ ሲባዙ ብቻ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃሎቹ፣ ቁጥሮቹና ሥርዓተ ነጥቦቹ ሲጨመሩ ቦታው አይበቃም። ስለዚህ አንዱ ፊደሉን በሁለት ፎንት ከፈለው፤ ሌላው ግንዱን ለብቻ፣ ቅጥያውን ለብቻ አድርጎ ሁለት ቁራጭ በማጋጠም አንድ ፊደል አስመሰለ። አንዱ ያደረገውን ሌላው አልተከተለም። የአባትዎን ሰነድ በዛሬ ኮምፒውተር ሲከፍቱት የላቲን ፊደል፣ ቅንፍና ቃል አጋኖ የተደበላለቀበት ትርምስ ያያሉ፤ ተበላሽቷል ብለው እንዳይደነግጡ። ቁልፉ የጠፋ ነው እንጂ ጽሑፉ አለ።

ቁልፉ የሚገኘው እዚያው ዲስክ ላይ፣ ከሰነዶቹ ርቆ፣ ዊንዶውስ በሚባለው ማህደር ውስጥ ሲስተም በሚባለው ክፍል ነው። ፎንቶቹ የሚቀመጡት እዚያ ነበር። ዲስኩ በሙሉ ከተቀዳ ዶስቦክስ በሚባለው ፕሮግራም ውስጥ አሮጌውን ዊንዶውስ 3.1 እንዳለ ማስነሣትና ሰነዱን አባትዎ ባዩት መልክ ማየት ይቻላል። መጀመሪያ እንዲያ አድርገው እያንዳንዱን ገጽ እንደ ሥዕል ያስቀምጡት፤ ይህ ምስክር ሆኖ ይቀመጣል። ወደ ዩኒኮድ መለወጡ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ለዋጭ ፕሮግራሞች ሲገኙ ደግሞ በጭፍን አይታመኑ። የዘር ሐረግ ነውና ስም የሞላበት ነው። ንጉሡ ሠ እና እሳቱ ሰ፣ ሐመሩ ሐ እና ብዙኃኑ ኀ፣ ጸሎቱ ጸ እና ፀሐዩ ፀ በስሕተት አንድ ላይ የተጨፈለቁበት ለውጥ በንባብ አይታወቅም፤ ስም ላይ ግን ጸሐፊው ራሱ የመረጠውን ያጠፋል። የታተሙት 11 ገጾች እዚህ ላይ ነው የሚጠቅሙት፤ ከተለወጠው ጽሑፍ ጋር ፊደል በፊደል ያስተያዩዋቸው፤ እዚያ ላይ የተገኘው ስሕተት በተቀሩት ገጾችም ሁሉ ይኖራል።

---

የመንዟ መምህርት (መሐል ሜዳ)

ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመልሼ መጥቻለሁ፤ የዘገየሁት የፈተና ወቅት ስለነበረ ነው።

ወንድሜ ሽቦ ለቃሚ በግል መልእክት ሱቃቸውን ጠቁመውኝ ዲስኩን በጋቢ ጠቅልዬ፣ ጭኔ ላይ ይዤ ደብረ ብርሃን ወረድኩ። አጠገቤ የተቀመጡ እናት «ልጅሽ አያለቅስም፣ ምን ዓይነት ጨዋ ነው» አሉኝ፤ ብረት መሆኑን ስነግራቸው አማተቡ። ሌሊቱን እንደ ታሰረ አደረ። ጠዋት ከአሮጌው ፔንቲየም ጋር ሲገናኝ መጀመሪያ አልዞረም፤ ጥቂት ቆይተን ኃይሉን አጥፍተን ስናበራው አንድ ረዥም ትንፋሽ የመሰለ ድምፅ አሰማና ተነሣ። ማጉረምረሙ አለ፤ ነገር ግን አነበበ። 420 ሜጋ ባይቱን ለመቅዳት ከአንድ ሰዓት በላይ ወሰደ። ሦስት ቦታዎች ፈጽሞ አልተነበቡም፤ ሲጣራ ሁለቱ ባዶ ቦታ ሲሆኑ ሦስተኛው የካርታ ጨዋታው ፕሮግራም ላይ ወደቀ። ጋሼ ካርታ ይጫወት እንደ ነበር ከቤተ ሰቡ ማንም አያውቅም ነበር።

ፊደል ቆጣሪ እንዳሉት ሰነዱ ትርምስ ሆኖ ተከፈተ፤ ባይነግሩኝ ኖሮ አለቅስ ነበር። በዶስቦክስ ውስጥ ሲነሣ ግን 63 ገጽ ሆኖ ቁጭ አለ። የወረቀቱ 11ኛ ገጽ «የወለደውም» ብሎ የቆመበት ቦታ ላይ ሦስት ስሞች ይከተላሉ፤ ሁለተኛው ስም አያቴ «ወንድም ነበረን፣ ወደ ይፋት ወርዶ ቀረ» ይሉት የነበረው ሰው ነው። ለዋጩ ፕሮግራም ዐይኑን ዐ ሁሉ አልፋው አ አድርጎት ስለነበር እሱን በእጅ እያረምኩ ነው፤ እስካሁን 19 ገጽ ደርሻለሁ።

ማዘርቦርዱንም አልተውኩትም። በአቼቶ አጥቤ፣ በማደያው ውሃ አለቅልቄ፣ አምስት መስመር ተበልቶ አገኘሁ፤ አምስቱንም ወንድሜ ከተቃጠለ ትራንስፎርመር በተፈታ ቀጭን ሽቦ ቀጠላቸው። ገመዱን የደበቅሁበት ያው ወንድሜ ነው። ከማብሪያው ገመዶች አንዱ በእርግጥም በአይጥ ተበልቶ መዳቡ ይታይ ስለነበር ተቀይሯል። የኃይል ሳጥኑ ተፈትሾ መጥቶ ስናበራው አንድ ጊዜ ጲጵ አለ፤ ስክሪኑ ላይ የማስታወሻው (የሚሞሪው) ቁጥር ወደ ላይ ቆጠረ፤ ከዚያ ኪቦርድ የለም የሚል መልእክት አምጥቶ ቆመ። ኪቦርዱ በሌላ ኮምፒውተር ላይ ይሠራል። እዚህ ግን መብራቶቹ እንኳ ብልጭ አይሉም። ባትሪውንስ በምን ልተካው? ፍሎፒዎቹን እስካሁን አልነካኋቸውም፤ የሦስቱን መከለያ ገፋ አድርጌ ሳይ በውስጡ ያለው ቡናማ ሳሕን ላይ ክብ ክብ ነጭ ነጠብጣብ አለ።

---

ሽቦ ለቃሚ (ደብረ ብርሃን)

መብራቶቹ እንኳ ብልጭ ካላሉ ኪቦርዱ 5 ቮልት አልደረሰውም ማለት ነው፤ የመቆጣጠሪያው ቺፕ ቢሞት ኖሮ ቢያንስ ሲበራ አንድ ጊዜ ብልጭ ይሉ ነበር። በክቡ ቀዳዳ ጀርባ በኩል አራተኛውና አምስተኛው እግር መካከል በቴስተር ይለኩ፤ አራተኛው መሬቱ፣ አምስተኛው 5 ቮልቱ ነው። ቁጥራቸው በተራ እንደማይሄድ ይጠንቀቁ፤ ከአንዱ ጠርዝ ሲቆጠሩ አንድ፣ አራት፣ ሁለት፣ አምስት፣ ሦስት ነው የሚሆኑት። ባዶ ከሆነ ከቀዳዳው አጠገብ የሩዝ ፍሬ የምታህል፣ አንዳንዴ አረንጓዴ ሬዚስተር የምትመስል ፊውዝ አለች። የባትሪው ፈሳሽ እግሯን በልቷት ይሆናል፤ ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ሁለት ጫፎቿን ሲነኩ ጲጵ ካላለች የ1 አምፒየር ፊውዝ ይተኩላት። በተራ ሽቦ አያገናኟት፤ ኪቦርዱ ውስጥ ገመድ የተነካካ ዕለት የሰሌዳው መስመር ራሱ ፊውዝ ይሆናል።

ለባትሪው ደግሞ በአሮጌው ቦታ ላይ ሌላ አይበይዱ። አብዛኞቹ ሰሌዳዎች ለውጭ ባትሪ የሚሆን አራት እግር ያለው መሰኪያ አላቸው። ሦስት የግድግዳ ሰዓት ድንጋይ የሚይዝ የፕላስቲክ ማቀፊያ በሽቦ አውጥተው ከሳጥኑ ጎን ያስሩት፤ ቢያፈስ እንኳ ሰሌዳው ላይ አይደርስም። መሃል ላይ አንድ ዳዮድ ይግባ፤ ሰሌዳው ባትሪውን ልሙላው እንዳይል ይከለክለዋል፤ የማይሞላ ድንጋይ ሲሞላ ሊፈነዳ ይችላል። ዳዮዱ ጥቂት ቮልት ስለሚቀንስ ከ4.5ቱ 3.8 ገደማ ይደርሳል፤ ያ ይበቃል።

ነጩ ነጠብጣብ ሻጋታ ነው። እንዲሁ ወደ ማንበቢያው ከገቡ ሻጋታው የማንበቢያውን ራስ ይለቀልቀዋል፤ የቆሸሸው ራስ ደግሞ ቀጥሎ የሚገባውን ደኅና ዲስክ ይቦጭረዋል። ስለዚህ ነጠብጣብ የሌለባቸውን 11ዱን አስቀድማችሁ ንባቡን ጨርሱ። ከማንበባችሁ በፊት ጥጉ ላይ ያለችውን ተንሸራታች ገፍታችሁ ቀዳዳው ክፍት ሆኖ ይታይ፤ ያኔ ማንም ሊጽፍበት አይችልም። ሦስቱን ይዘው ይምጡ፤ ቅርፊታቸውን ከፍተን ቡናማውን ሳሕን በተጣራ ውሃ አጥበን፣ አድርቀን፣ ከማይፈለግ ፍሎፒ በወሰድነው ንጹሕ ቅርፊት ውስጥ እናስገባዋለን። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሱቁ ክፍት ነው።